ጋሽ ገመቹን ብቻቸውን መግደል አቃተኝ

ሰው ለመግደል ከአገራችን ከተሞች ሁሉ አስቸጋሪዋ ጅማ ናት። ቆይ… ፖሊስ ከመጥራታችሁ በፊት ልጨርስ። እኔ የምገድለው በወረቀት ላይ ነው። እንጀራዬ የድራማና የፊልም ጽሑፍ ነው፤ እስከ ዛሬ በብዕሬ አስራ አራት ሰው ቀብሬያለሁ፣ ከአስራ አራቱ ግን አንዱም እንደ ሰው አልሞተልኝም።

መጀመሪያ አካባቢ የምጽፈው የጤና ትምህርት ድራማ ነበር። በጤና ትምህርት ድራማ ላይ ሰው እንዴት እንደሚሞት መቼም ታውቃላችሁ… የበሽታውን ምልክት በሙሉ ሳይዘረዝር ነፍሱ አትወጣም። "ወይኔ… መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ቀጥሎ ራሴን አመመኝ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ሲገባኝ…" እያለ፣ አጎበሩን ዓሣ ሊያጠምድበት እንደወሰደው ተናዝዞ፣ ጎረቤቶቹን መክሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዓይኑን የሚከድነው። አንዱን ገበሬ በወባ ስገድለው ሦስት ገጽ ሙሉ ተናገረ። አስተባባሪው አነበበና፣ "ስለ ጓሮ ውሃ ማፋሰስ አልተናገረም'ኮ" ብሎ አንድ ገጽ አስጨመረኝ። ምስኪን፣ አራት ገጽ ሙሉ ሲያጣጥር ቆየ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ትልቁ ዕድሌ መጣ። ቢኒ የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት ዳይሬክተር የሙሉ ፊልም ጽሑፌን አነበበና ወደደው። ታሪኩ ጋሽ ገመቹ ስለሚባሉ የአጋሮ ሽማግሌ ነው። የቡና ችግኝ እያፈሉ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ ካለው አንድ ልጃቸው ጋር የተኳረፉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ገመቹ ያልኩት አውቄ ነው፤ ገመቹ የሚባል ሰው መስጊድም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ጸሎት ቤትም ይገኛል፤ ሁሉም ተመልካች የኔ ናቸው ብሎ ያለቅስላቸዋል ብዬ። ልጁ ሊታረቅ ሲገሰግስ አባትየው ሳይደርስላቸው ይሞታሉ። ፊልሙ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች ሞት ላይ ነው።

ለዚህች ሞት አራት ወር ለፋሁ። በኢንተርኔት ላይ የፊልም ጽሑፍ እናስተምራለን የሚሉትን ሁሉ አዳመጥኩ። ሁሉም ቃላቸው አንድ ነው፤ የማይረሳ ሞት ለመጻፍ ዝምታ፣ ብቸኝነት፣ መስኮት። ዝናብ ካለማ እሰየው። እኔም እንደተባልኩት አደረግኩ። ጋሽ ገመቹ ብቻቸውን ተኝተው በመስኮት ዝናቡን ያያሉ… የውሃ ብርጭቆ ከእጃቸው ያመልጣል… ብርጭቆው ወለሉ ላይ ይንከባለላል… ካሜራው ብርጭቆውን ይከተላል… አለቀ።

ብርጭቆው የት ድረስ እንደሚንከባለል ለማወቅ ራሴ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ ደጋግሜ ሞቻለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ ዓይኔ ፈጦ፣ እጄ ተዘርግቶ፣ ውሃው ፈስሶ አገኘኝ። በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አየኝና፣ "ዛሬም ምሳ የለም ማለት ነው?" ብሎ ወደ ጓዳ አለፈ። አስራ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። ብቻዬን ስሞት አንዲት ዕንባ አልወጣችውም። ያኔ ትንሽ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ብርጭቆውን አነሳሁና እንደገና ሞትኩ።

የሚቀረጽበትን ቤት ያገኘሁት እኔ ነኝ። እዚሁ ጅማ፣ በቾ ቦሬ፣ የአዴ ራህማ ቤት ነው። አዴ የምንለው በዕድሜ የምናከብራትን ሴት ነው። አዴ ራህማ ስልሳውን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ባላቸው አባ ተማም በከተማው የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለው። ሰፊው መስኮት ወደ መንገድ ያያል፣ ከመስኮቱ ስር የእንጨት አልጋ ተዘርግቷል። አልጋውን እንዳየሁ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

"አዴ ራህማ፣ በቃ ሽማግሌው የሚሞቱት እዚህ ነው" አልኳቸው።

አልጋውን አተኩረው አዩት። "ኤዬ… አዎ፣ እዚያ ላይ ይሞታል" አሉኝ።

እኔ የሰማሁት ፈቃዳቸውን ብቻ ነበር።

ጋሽ ገመቹን ሆነው የሚጫወቱት ደግሞ ጋሽ ማርቆስ ናቸው። በወጣትነታቸው ከከምባታ መጥተው እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር የከተሙ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። ፊታቸው ለካሜራ የተፈጠረ ነው፣ ድምፃቸው ያስለቅሳል። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ ሰው ሰላም ሲላቸው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ይህን በልምምድ ጊዜ አላወቅንም፤ የተለማመድነው በር ዘግተን ነበራ።

ለሞቱ የተመደበው አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ካሜራውም ባለካሜራዎቹም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ዝናብ እንደሆነ በጅማ አይታጣም፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደታዘዘ ጀመረ። ቢኒ "አክሽን" አለ። ጋሽ ማርቆስ ዝናቡን አዩ። ደረታቸው ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ብርጭቆው በጣታቸው ጫፍ ላይ ተንቀጠቀጠ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዤያለሁ… አራት ወር ሙሉ የጠበቅኳት ደቂቃ ናት።

በመስኮቱ በኩል አንድ ጥቁር ጃንጥላ አለፈ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ተመለሰ። ኦቦ ከማል ናቸው፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ። መጀመሪያ አልጋውን አዩት፣ ቀጥሎ ሰውየውን።

"ጋሽ ማርቆስ፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ?"

ሊሞቱ አንዲት ትንፋሽ የቀረቻቸው ጋሽ ገመቹ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። "ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቤተሰብ ሰላም ነው?"

"አልሃምዱሊላህ። እርስዎ ጋ?"

"ሁሉ ሰላም። ያቺ የታመመችው ልጅህስ?"

"ተሽሏታል። ትላንት ትምህርት ቤት ገባች።"

"ጌታ ይባረክ። በል ዝናቡ እንዳይመታህ" አሉና፣ ተመልሰው ተጋድመው፣ ብርጭቆውን አስተካክለው ያዙና ለመሞት ተዘጋጁ።

"ካት" አለ ቢኒ። "ጋሽዬ፣ እየሞቱ'ኮ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"እየሞቱ ከሆነ ሰላምታ አይመልሱማ።"

ጋሽ ማርቆስ ግራ ተጋብተው አዩት። "ሰውየው ሰላም አለኝ እኮ" አሉ፤ ከዚህ በላይ የሚያስረዱት ነገር አልነበራቸውም።

ሁለተኛውን ሙከራ ስንጀምር ከቢኒ ረዳቶች አንዱን መንገድ ላይ አቆምን፤ ሰላም የሚል ሰው እንዳያልፍ። ጥሩ እየሄደ ነበር… ደረቱ፣ ዝናቡ፣ ጣቱ… ከዚያ የጓዳው በር ተከፈተና አዴ ራህማ አንድ ሳህን አጥሚት ይዘው ገቡ።

"አዴ ራህማ፣ ቀረጻ ላይ ነን" አልኩ በሹክሹክታ።

"ኤዬ፣ አውቃለሁ። ወዲያው እወጣለሁ።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን ተጋድሟል፣ አንድም ሰው ጠጋ አላለውም። ቢስሚላህ፣ ክፈት አፍህን።"

የሰው እጅ መመለስ ነውር ነውና ጋሽ ማርቆስ ሦስት ማንኪያ ዋጡ። በአራተኛው ላይ "ማር አለበት እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ቢኒ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ሦስተኛው ላይ መንገድ የሚጠብቀው ረዳት ራሱ በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ምን ያድርግ? ኦቦ ከማል ከፊት፣ አራት ጎረቤቶች ከኋላ፣ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዘው ነው የመጡት። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው በር ላይ የሚያቆም እጅ ጅማ ውስጥ ገና አልተፈጠረም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፣ "አላህ ያሽርዎ"፣ "እግዜር ይማርዎ" አሉ፣ አልጋውን ከበው ተቀመጡ። ጋሽ ማርቆስ ለእያንዳንዳቸው "አሜን" አሉ።

"ኦቦ ከማል፣ ይሄ'ኮ ፊልም ነው" አልኩ።

"ፊልም መሆኑን እናውቃለን ሰናይት። ለዚያ ነው የመጣነው።" ጃንጥላቸውን አጥፈው ጥግ አስደገፉና ወደ ቢኒ ዞሩ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር የት የት ይታያል?"

"በየከተማው። በኢንተርኔትም ይለቀቃል" አለ ቢኒ ኮራ ብሎ።

"አጋሮም?"

"አጋሮም።"

"ሊሙስ?"

"ሊሙም፣ ጌራም… የትም ይታያል።"

"ያ አረንጓዴ በርስ ይታያል?"

"መጀመሪያ የሚታየውማ እሱ ነው።"

"ሰማችሁ" አሉ ኦቦ ከማል ወደ ጎረቤቶቹ። "አማቶቼ ያሉት አጋሮ ነው። ያን በር ያውቁታል። በቾ ቦሬ ውስጥ፣ የኛ እድር አባል ቤት፣ አንድ ሽማግሌ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ብቻውን ሞተ ሲባል ምን ፊት ይዤ ነው አጋሮ የምሄደው?"

"ታሪኩ'ኮ አጋሮ ነው የተፈጸመው" አልኩ እኔ።

"በሩ የኛ ነው" አሉ።

ቢኒ ገባበት። "አባቴ፣ ይቅርታ… ካራክተሩ ብቸኛ ሰው ነው። ሲኑ ስለ ብቸኝነት ነው።"

"ይሁን፣ ብቸኛ ይሁን። ብቸኛ ሰው ጎረቤት የለውም?"

ቢኒ ኮፍያውን በእጁ አገላበጠ። "እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው" አለ በመጨረሻ። "ጎረቤቴን አላውቀውም።"

ከጎረቤቶቹ አንዷ ሴት በሐዘን አዩትና ከፌስታሉ ሙዝ ልጠው ሰጡት። ዳይሬክተራችን ምን ያድርግ፣ በላው።

ጋሽ ማርቆስም ከአልጋው ላይ ሆነው ጊዜ ጠብቀው ኖሮ፣ "እኔም ጽሑፉን ሳነብ ትንሽ ከብዶኝ ነበር" አሉ። "የዚህ ሰው ወንድሞች የት ሄዱ ብዬ።"

በየአቅጣጫው ተከዳሁ። ቢኒ ሙዙን ጨርሶ ወደ በረንዳው ጠራኝ።

"ሰኒ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። እስከ ዘጠኝ ካልጨረስን ሲኑን አወጣዋለሁ።"

"ታወጣዋለህ? ሰውየው ካልሞቱ ፊልሙ በምን ያልቃል?"

"በስልክ። ልጁ አውቶብስ ውስጥ እያለ ይደወልለታል፤ 'አባትህ አረፉ'። አስር ሰከንድ፣ በቃ።"

አራት ወር ሙሉ የሞትኩለት ሞት በአስር ሰከንድ ስልክ ሊያልቅ ነው። ያውም መርዶ በስልክ። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አልነግራችሁም… ሌሊት ሳይነጋ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ የሚነገረው ሰው በሁለት ወገን ተይዞ ነው። አውቶብስ ውስጥ፣ በስልክ፣ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ መርዶ የሚረዳ ልጅ ብጽፍ፣ እንኳን ተመልካች የገዛ እናቴም ዓይኔን አታይም።

ስለዚህ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። አዴ ራህማ የአጥሚቱን ሳህን እያጠቡ ነበር።

"አዴ ራህማ፣ እባክዎ። እርስዎን ይሰማሉ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ውጡልኝ ይበሏቸው። ይሄ ሲን ካልሆነ የኔ ነገር አበቃ። ደግሞ ፊልም ነው፣ የውሸት ነው…"

ሳህኑን ደፉ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራረቁና በርጩማ ሳቡልኝ።

"ተቀመጪ ልጄ። ያ አልጋ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"የርስዎ መስሎኝ።"

"የአባ ተማም ነው። ሁለት ወር ታሞ ተኛበት። ሁለት ወር ሙሉ ከአጠገቡ አልጠፋሁም። ሰው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ጠዋት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፣ ማንም ሳይመጣ ቀረ። እሱ ደግሞ ሻይ በሎሚ አማረኝ አለ። ቤት ውስጥ ሎሚ የለም። ጥግ ካለችው ሱቅ ገዝቼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። አስራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።" የደፉትን ሳህን አንስተው እንደገና ደፉት። "ለሰው ሁሉ 'እጄ ላይ ነው ያረፈው' አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ እላለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

(ይህን የምጽፈው ራሳቸው ፈቅደውልኝ ነው።)

አፈርኩ። እኔ አራት ወር ሙሉ ሳሳምረው የከረምኩት ነገር እኚህ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቁት ነገር ነበር። መስኮቱ ያው፣ ዝናቡ ያው፣ አልጋው ሳይቀር ያው።

"ታዲያ ለምን ፈቀዱልን?" አልኳቸው።

"ሽማግሌ ይሞታል ነው ያልሽኝ። ሰው ይሞታል፣ ምን አዲስ ነገር አለው? ብቻውን መሆኑን ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት በዚህ በር ስንጥቅ ሳይ ነው።" ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "የውሸት ነው ትያለሽ አይደል? የውሸት ከሆነማ ምን ቸገረሽ፣ ብታስተካክይው?"

እስኪ ለዚህ መልስ ያላችሁ ንገሩኝ። ከኢንተርኔት አስተማሪዎቼ አንዱም ይህን ጥያቄ አልመለሰም። የጽሑፉን ጀርባ ገለበጥኩና እዚያው በርጩማው ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

በግማሽ ሰዓት አለቀ። ለነገሩ ብዙ የጻፍኩትም ነገር የለም፤ ጎረቤቶች ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ በመድኃኒት ይከራከራሉ። በሽተኛ ጠይቃችሁ ታውቁ የለ? ስለ በሽተኛው የሚወራው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ጠያቂ አጎት በምን እንደዳነ ነው የሚወራው። ኦቦ ከማል "ምን እንበል?" ሲሉኝ "እንደ ሁልጊዜው" አልኳቸው። አዴ ራህማን ከራስጌ አስቀመጥኳቸው፣ ብርጭቆና ማንኪያ ይዘው። ምንም እንዳይናገሩ፣ ውሃ ብቻ እንዲያጠጡ ነገርኳቸው።

ቢኒ አልተዋጠለትም። "ሰባት ሰው በአንድ ሲን? ሞት ነው ገበያ?"

"አንዴ ሞክረው" አልኩት። "ካልሆነ ስልኩን አስደውል።"

"አክሽን" አለ እንደሰለቸው ሰው።

"ጥቁር አዝሙድ በማር" ብለው ጀመሩ ኦቦ ከማል። "ጠዋት፣ ከምግብ በፊት።"

"ከምግብ በኋላ ነው እንጂ" አሉ እኚያ ሙዝ የሰጡት ሴት። "በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል።"

"ወንድሜ በባዶ ሆድ ወስዶ ነው የዳነው።"

"ወንድምዎ የዳነው ሐኪም ቤት ተኝቶ ነው። እኔ ነኝ ምሳ ሳመላልስ የነበርኩት።"

"ሱብሃነላህ… ሐኪም ቤት የገባውማ ለእግሩ ነው።"

ካሜራውን ረሱት። እውነቴን ነው፣ እኔም ረሳሁት። በዚህ መሃል ኦቦ ከማል ወደ አልጋው ዞር አሉና፣ "ጋሽ ገመቹ፣ እንዴት ነዎት አሁን?" አሉ።

"ደህና ነኝ፣ ተመስገን" አሉ ጋሽ ማርቆስ።

ይህ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ሰላም ተብለው ዝም ማለት አቅቷቸው ነው። ክርክሩ ወደ ነጭ ሽንኩርት ተሻገረ… አዴ ራህማ ማንኪያውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ… ውሃው አልገባም። በከንፈራቸው ጥግ አድርጎ ወደ ጢማቸው ወረደ። አዴ ራህማ አዩ። ሌላ ያየ የለም፤ ሰዉ ሁሉ ነጭ ሽንኩርቱ ይጠበስ አይጠበስ በሚለው ላይ ነው። አዴ ራህማ ማንኪያውን አስቀመጡ፣ በሻሻቸው ጫፍ ጢሙን ጠረጉ፣ ጎንበስ ብለው በሽማግሌው ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። በቅርብ ያሉት ሴት ይህን አይተው ዝም አሉ። ቀጥሎ ከጎናቸው ያለው ዝም አለ። መጨረሻ ላይ ኦቦ ከማል ብቻ ቀሩ፤ "የተጠበሰ እንደሆነ ግን…" ብለው እሳቸውም አቆሙ።

ቢኒ ካት አላለም። ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔ አስራ አራት ሰው ያለ ዕንባ የቀበርኩት ሴትዮ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።

በመጨረሻ የተናገረው የድምፅ ባለሙያው ነው። "ሴትየዋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብለዋል፣ ማይኩ ይዞታል። ላጥፋው?" አለ። ቢኒ ኦሮምኛ አይሰማም። የጆሮ ማዳመጫውን ለእኔ አቀበለኝና አዳመጥኩ።

"ሂን ዴምኔ… አሱማን ጂራ።"

"ምን ማለት ነው?" አለ ቢኒ።

"አልሄድኩም… እዚሁ ነኝ" አልኩት።

ቢኒ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። "ይሄን አራት ወር ሙሉ ደብቀሽ ብርጭቆ ታንከባልይብኛለሽ? አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አይደለሁም ብል የማን ነው ሊባል ነው፤ ከየት መጣ ሊባል ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ቆሟል። የአዴ ራህማን ምስጢር ለማዳን ስል… እሺ፣ ትንሽም ቃሉ ስላማረኝ…

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አይደለችም" አሉ አዴ ራህማ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ራስጌው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

"የኔ ነው። ለአባ ተማም ሳልነግረው የቀረ ነው። እጄ ላይ አረፈ ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። እኔ አልነበርኩም፣ ሎሚ ልገዛ ወጥቼ ነበር።"

እኔ የምገባበት አጣሁ። የሰው ቃል ስሰርቅ የተያዝኩት ሳያንስ ዳይሬክተሬ ፊት ነው የተያዝኩት። ግን እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም። ኦቦ ከማል ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ራህማ" አሉ፣ አዴ የሚለውን ትተው። "እኔ ያን ቀን የሱቁ በረንዳ ላይ ዝናብ ተጠልዬ ነበር። ሎሚውን ይዘሽ ስትሮጪ አይቼሻለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነው የቆምኩት።"

"እኛም እናውቃለን" አሉ ባለሙዟ ሴት። "ሁላችንም ዝናቡን ፈርተን ነው የቀረነው።"

"ዛሬ ጠዋት በዚያ መስኮት ሳልፍ ያን አልጋ አየሁ" አሉ ኦቦ ከማል። "ዝናብ ነው፣ ሰውየውም ብቻውን ነው። አማቶቼ ብዬ ያወራሁት ሌላ የምለው አጥቼ ነው። ያን ቀን የቀረነው እኛ ነን፣ አንቺ አይደለሽም።"

አዴ ራህማ ያኔ አለቀሱ። ሟቹ ጋሽ ማርቆስም ከዚያ በላይ መሞት አልቻሉም፤ ተነስተው ተቀመጡና "አይዞዎት እህቴ፣ አይዞዎት" አሏቸው።

ቢኒ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ሰኒ… ይሄንንስ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

ዞር ስል የካሜራው ቀይ መብራት አሁንም በርቷል።

"አይደለሁም" አልኩት። "አጥፋው።"